ሴቷ ወዴት ትግባ? አረቄ፣ ጠበልና የማገገሚያ አልጋ በሰሜን ሸዋ ደጋ

አረቄ የጣለው ወንድ በመንዝም በጌሼም ስሙ በግልጽ ይጠራል። ሰካራም ይባላል፤ ሽማግሌ ይላክበታል፤ የንስሐ አባቱ ይገዝቱታል፤ ሲብስበት ወንድሙ ወይም አጎቱ እጁን ይዞ አዲስ አበባ ያደርሰዋል። ሴት ስትሆን በሽታው ስሙን ይቀይራል። ጨጓራዋን ያማታል ይባላል፤ ብርድ መቷት ነው፤ ዓይነ ጥላ ነው፤ ምቀኛ አስደርጎባት ነው። ማለዳ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቡናውን ከሲኒው ውጭ እንደምታፈሰው፣ አንድ ሁለት መለኪያ ከቀመሰች በኋላ ግን እንደምትረጋ ልጆቿ ያውቃሉ፣ ባሏ ያውቃል፣ ቡና የምትጠራራቸው ጎረቤቶቿም ያውቃሉ። አይነገርም እንጂ።

ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ፣ ገብተው ተኝተው የሚታከሙበት የሱስ ማገገሚያ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ "አዎ" ነው። ነገር ግን ከቀየት እስከ ጌሼ ራቤል፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ያለውን አገር ለሚያውቅ ሰው ከአልጋው በፊት የሚመጣ ብዙ ነገር አለ። ማን ፈቅዶላት ከቤት ትወጣለች? ልጇን ለማን ትታ? ምን ተብሎ ይወራላታል? ስትመለስስ በምን ትተዳደር? ይህ ዳሰሳ በአገር ውስጥም በውጭም ስለ ሴቶች ማገገሚያ የሚታወቀውን አሰባስቦ ለዚህች ደጋ ሴት ምን ይፈይድላታል ብሎ ይጠይቃል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ትልቁ ክፍተት ያለው ከማዕከሉ በር ውጭ ነው።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

በገጠር ኢትዮጵያ ስለ መጠጥ ከተሠሩት ጥናቶች ጥሩ መነሻ የሚሆነው ሰላማዊት ዘውዱና ባልደረቦቻቸው በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በ1,500 አዋቂዎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ነው። የመጠጥ ችግር የተገኘባቸው 13.9 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ ለብቻ ሲታዩ 25.8፣ ሴቶቹ ደግሞ 2.4 በመቶ ይሆናሉ። ችግሩ ከጠናባቸው ውስጥ 87 በመቶው አንድም ጊዜ ዕርዳታ ጠይቀው አያውቁም፤ 70 በመቶው በራሳቸው ላይ ከባድ ኀፍረት ተሸክመዋል። ሶዶ መንዝ አይደለም። ሆኖም ጠላም አረቄም ያለበት፣ ማኅበርና ተዝካር የሚደገስበት፣ ሴቷ የምትጠምቅበት የገጠር ወረዳ ስለሆነ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

በሴቶቹ ቁጥር ላይ ትንሽ እንቆይ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በሕይወታቸው አልኮል ቀምሰው የሚያውቁ ሴቶችን 35 በመቶ፣ ወንዶችን 46 በመቶ ገደማ አድርጎ መዝግቧል። ሁለቱ ጥናቶች የተለያየ ቦታና የተለያየ ጥያቄ ስላላቸው አንዱን ከአንዱ መቀነስ አይቻልም። ያም ሆኖ በመቅመስ ያን ያህል ያልተራራቁት ሴትና ወንድ በችግሩ አሥር እጥፍ መራራቃቸው ያሳስባል። አንዱ ምክንያት እውነተኛ ነው፤ ሴቷ የምትጠጣው በልክና በቤት ነው፣ ወንዱ አረቄ ቤት ያመሻል። ሌላው ምክንያት ግን ጥያቄው የሚጠየቅበት ቦታ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወረቀቷን ይዛ ስትገባ አማቷ ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል፣ ባልየው ደጅ ላይ እንጨት ይፈልጣል። "እትዬ፣ መጠጥ ይወስዳሉ?" ስትላት፣ "ኧረ እኔ እቴ! ለገበያ ስለማወጣ ለቅምሻ ያህል ነው እንጂ" ትላለች። ወረቀቱ ላይ "አትጠጣም" ተብሎ ይሰፍራል።

ያቺ ቅምሻ ግን ቀላል ነገር አይደለችም። አረቄ ማውጣት የሌሊት ሥራ ነው። ጌሾውና ብቅሉ ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ ቀናት ከሰነበተ በኋላ ማሰሮው ወይም በርሜሉ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ በሽምበቆ ወይም በቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይንጠባጠባል። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ ያበላሸዋል፣ ካነሰ አይወጣም፤ ስለዚህ ሴቲቱ እንቅልፍ የላትም። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ኃይለኛው ነው፤ እየቆየ ይሳሳል። የት ላይ ማቆም እንዳለባት የምታውቀው በምላሷ ነው፤ አንዳንዷ ጠብታ እሳት ላይ ጥላ በነበልባሉ ትለያለች፣ አብዛኛዋ ግን ትቀምሳለች። የሚወጣው ዳግም ከሆነ፣ ማለትም አንዴ የወጣው እንደገና ተቀቅሎ ከወጣ፣ የአልኮሉ መጠን በመቶ ከ40 በላይ ይደርሳል። የደብረ ብርሃን አረቄ በየከተማው ስሙ የተጠራው በዚህ ኃይሉ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት እያወጣች፣ በየሌሊቱ ሦስት አራት ጊዜ እየቀመሰች፣ ማለዳ ደንበኛው ፊት "መርዝ የለበትም" ለማለት ያህል ቀድታ ፉት እያለች ዓመታት የምታሳልፍ ሴት ሱሰኛ የሆነችው መቼ እንደሆነ ራሷም ልትነግረን አትችልም።

በዚህ ላይ መድኃኒትነቱ አለ። ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ ለሆድ ቁርጠት፣ ለብርድ፣ ለወገብ ይሰጣል። በውርጩ አገር ይህን የሚከለክላት ሰው የለም። እንዲያውም አማቷ ራሳቸው ናቸው የሚሰጧት።

የሴቷ አካል ደግሞ ይህን ዕዳ ቶሎ ይከፍላል። በሰውነቷ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ከወንድ ስለሚያንስ እኩል ቢጠጡ እንኳ በደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል። ጉበቷ፣ ልቧና ነርቮቿ በአነስተኛ መጠንና በአጭር ዓመታት ይጎዳሉ። ከመጀመሪያው መለኪያ እስከ ከባዱ ጥገኝነት ያለው ጊዜ በሴቶች ላይ አጭር መሆኑ በብዙ አገር ጥናቶች ታይቷል። ሐኪም ቤት የደረሰች ጊዜ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ገፍቷል።

ያለው አልጋ

አገሪቱ ያላት የሥነ አእምሮ ሕክምና ታሪክ አጭር ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. ተቋቁሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቻውን የአገሩን ሕሙማን ተሸክሟል። የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊስት ሐኪሞች ትምህርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሱስ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ጉዳይ ነው። ዛሬ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የግል ማዕከላትም አሉ። የግሎቹ ዋጋ ለመንዝ ገበሬ የሚነሳ አይደለም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም የተዋዋለው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። የመንግሥቶቹ አልጋ ጥቂት ነው። የተኛው ደግሞ በአብዛኛው ወንድ ነው፣ ወጣት ነው፣ የከተማ ልጅ ነው፤ በጫት፣ በሲጋራና በመጠጥ ድብልቅ የመጣ። ከመሐል ሜዳ የመጣች የአርባ ዓመት ባለ ነጠላ ሴት ወደዚያ ግቢ ገብታ የቡድን ምክክር ላይ ከነዚህ ልጆች መሐል ተቀምጣ አፏን ትከፍታለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ሴቶችን ብቻ አስገብቶ የማኖሩ ልምድ ግን በአገራችን አዲስ አይደለም፤ ሌላ ስም ይዞ የመጣ ብቻ ነው። ማሪያ ሙኒር እ.ኤ.አ. በ2003 ያቋቋሙት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከነልጆቻቸው እያስጠለለ ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍና የሙያ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። አጋር ኢትዮጵያ ከዓረብ አገር አእምሯቸው ተጎድቶ የተመለሱ እህቶችን ተቀብሎ አስታሟል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር "ለነገዋ" የተባለውን የሴቶች ተሃድሶና ክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል ከፍቷል። ለሴተኛ አዳሪነት፣ ለጎዳና ሕይወትና ለተመሳሳይ ችግር የተጋለጡ ሴቶች በዙር እየገቡ የሥነ ልቦና ድጋፍና የሙያ ሥልጠና እንዲያገኙበት የታሰበ ነው፤ በዓመት 10 ሺህ ሴቶችን ይይዛል ተብሎለታል። ቁጥሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ለከተማዋ ችግርም የሚመጥን ይመስላል። ነገር ግን የተቀረጸው ከቤተሰብ ለተነጠለች፣ ወደ ኋላ የምትመለስበት ቤት ለሌላት ሴት ነው። የኛይቱ ሴት ባል አላት፣ አማት አላት፣ ሁለት ጥማድ መሬት አላት፣ ማኅበር አላት። እሷ የምትፈልገው ሄዳ የምትመለስበት ነገር ነው።

ርቀቱም አለ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የመንዝ ሰው ደብረ ብርሃን ለመድረስ ራሱ ከጣርማ በር የተገነጠለውን የመዘዞና የሞላሌን መንገድ ይዞ መምጣት አለበት። የመርሐቤቴ ሰው የጀማን ገደል ወርዶ ወጥቶ በለሚና በሙከጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ለእርሱ ደብረ ብርሃን በካርታ እንጂ በእግር ቅርብ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት መንዝ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል። "ሪፈር ተብላለች" የሚለው ቃል በዚህ አገር ብዙ ጊዜ "ቤቷ ቀርታለች" ማለት ነው።

ሳይባል የኖረው ማገገሚያ

እዚህ ላይ የጤና ባለሙያዎች በአብዛኛው ዘልለውት የሚያልፉት ነገር አለ። በዚህ ደጋ ሴት ከቤቷ ወጥታ፣ ለሳምንታት ሌላ ቦታ አድራ፣ ከመጠጥ ርቃ፣ ምክር ሰምታ የምትመለስበት ሥርዓት ከጥንት አለ። ጠበል ነው።

ሰላ ድንጋይ አጠገብ ያለችውን ጻድቃኔ ማርያምን የሚያውቅ ይህን አይክደውም። ሰው ለአንድ ሱባኤ፣ ለሁለት ሱባኤ ይገባል። ማለዳ ባዶ ሆዱን ይጠመቃል፣ ይጠጣል፤ በጾም ይውላል፤ ማታ ቆሎና ዳቦ ይቀምሳል፤ ትምህርት ይሰማል፣ ይሰግዳል። ሴቶች ከሴቶች ጋር ያድራሉ፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ ትይዛለች፤ ማን በምን እንደመጣች ይነጋገራሉ። አጠገቧ የተኛችው ሴት "እኔም በአረቄ ነው የመጣሁ፣ እህቴ" ብትላት ሐኪም በሦስት ወር የማያስከፍተውን አፍ ታስከፍታለች። የውጭዎቹ ማዕከላት በብዙ ገንዘብ የሚያቋቁሙት የጊዜ ሥርዓት፣ ከመጠጥ ቤት መራቅ፣ የአቻዎች ወሬና ከራስ በላይ በሆነ ነገር መታመን እዚያ አለ።

ከሁሉ በላይ የሚበልጠው ግን ፈቃዱ ነው። ባል ሚስቱን ወደ አማኑኤል ከላከ "አበደች" ይባላል። ወደ ጻድቃኔ ከላካት ግን መንደሩ "እመቤቴ ትማርሽ" ብሎ ይሸኛታል፤ እህቷ ልጆቹን ትይዝላታለች፤ ጎረቤት ላሟን ያልብላታል። መሄዷ ነውር አይደለም፤ ክብር ነው። ስትመለስም ጠበል ይዛ፣ እምነት ይዛ ትመለሳለችና እንኳን ደህና መጣሽ የሚላት አታጣም። ይህን ዓይነት አሸኛኘትና አቀባበል ያዘጋጀ የሱስ ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ አላየሁም።

የሚጎድለው ደግሞ ከባድ ነው። በየቀኑ አረቄ የምትጠጣ ሴት በድንገት ስታቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥላት ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሌለ ሰው ማየትና የሌለ ድምፅ መስማት ይመጣል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። ዳያዜፓም የሚታወቅ ነው፤ ቫይታሚን ቢ 1 ደግሞ አንጎሏ በማይመለስ ሁኔታ እንዳይጎዳ ግሉኮስ ከመሰጠቷ በፊት ሊሰጣት ይገባል። ጠበል ቦታ ላይ ግን ሦስተኛው ቀን ሲደርስ ምን ይታያል? ሴቲቱ ትጮኻለች፣ ትወራጫለች፣ ከማይታይ ነገር ጋር ትነጋገራለች። አጥማቂው "ያዘው፣ ለፈለፈ" ይላሉ፤ ሰዉ እልል ይላል። በጾምና በብዙ ውሃ የተዳከመ ሰውነት ያንን ሌሊት ላይሻገር ይችላል። ብዙዎች ይሻገሩታል፣ ከዚያም ይረጋሉ፣ ምስክርነት ይሰጣሉ። ያልተሻገሩት ምስክርነት አይሰጡም።

ጠበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም የሚለው ክርክር ከዚህ በፊት በሌላ በሽታ ላይ ተደርጎ መልስ አግኝቷል። በእንጦጦ ማርያም ጠበል በሺዎች የሚቆጠሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ መድኃኒታቸውን የጣሉ ብዙ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ ባንድነት ይወሰዱ የሚል መልእክት አስተላለፉ። በአእምሮ ሕክምናም ሐኪሞቹ ዮናስ ባሕረጥበብና ዳዊት ወንድማገኝ ከካናዳዊው ሳሙኤል ሎው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ጠበልና የሥነ አእምሮ ሕክምና ጎን ለጎን እንዴት እንደተሰጡ ጽፈዋል። ካህኑና ሐኪሙ አንዱ የሌላውን ሕመምተኛ ሲልክ፣ ሕመምተኛው ሁለቱንም ሲወስድ። ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል ማለት ነው። ለአረቄ ግን፣ በተለይ ለሴት፣ ሰላ ድንጋይ ላይ እኔ እስከማውቀው ያልተሞከረ ነው።

ከውጭ የሚወሰደውና የማይወሰደው

የሴቶች ማገገሚያ የሚባለው ነገር በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሚስት የነበሩት ቤቲ ፎርድ በመድኃኒትና በመጠጥ መጠመዳቸውን እ.ኤ.አ. በ1978 በአደባባይ ተናገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ በስማቸው ማዕከል ሲከፈት ከአልጋዎቹ ግማሹ ለሴቶች እንዲያዝ አደረጉ። በዚያን ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ነፍሰ ጡሮችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ገብተው የሚታከሙባቸውን ማዕከላት በገንዘብ ይደግፋል፤ ልጅሽን ጥለሽ ግቢ የተባለች እናት እንደማትገባ ተረድተው።

ውጤቱስ? የሃርቫርዷ ሼሊ ግሪንፊልድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የደረሱበት ድምዳሜ እኔን ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ አሳምኖኛል። ሴቶች ሕክምና የመግባት ዕድላቸው ከወንዶች ያነሰ ነው፤ አንዴ ከገቡ በኋላ ግን ጨርሰው በመውጣትም ሆነ በመዳን ሴት ወይም ወንድ መሆናቸው ብቻውን ልዩነት አያመጣም። የሴቶች ብቻ ማዕከልም ለሁሉም ሴት ከድብልቁ ይሻላል ማለት አይቻልም፤ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለእናቶችና ለመሳሰሉት ግን ይጠቅማል። በሌላ አነጋገር የሴቷ ችግር ያለው በሩ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮም ተመሳሳይ ነገር ሲደጋግም ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሪፖርቱ በዓለም ላይ ዕፅ ከሚጠቀሙት ሦስት ሰዎች አንዷ ሴት ስትሆን በሕክምና ውስጥ ካሉት ግን ከአምስት አንዷ ብቻ ነበረች።

ሰላሳ ቀን፣ ስድሳ ቀን፣ ዘጠና ቀን የሚለውን የውጭ ቀመር ግን እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም። አብዛኛው የመጠጥ ችግር ያለበት ሰው አልጋ አያስፈልገውም፤ በተመላላሽ፣ በአጭር ምክርና በክትትል ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የገባው የአእምሮ ጤና መመሪያ የመጠጥ ሕክምናን በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። አልጋ የምትፈልገው ማለዳ የሚያንቀጠቅጣት፣ ከዚህ በፊት ስታቆም የጣላት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም እቤቷ የሚደበድባት ያለባት ናት። እነዚህ ጥቂት ናቸው። ጥቂትነታቸው ግን ለመርሳት ምክንያት መሆን የለበትም።

ደብረ ብርሃን ላይ ምን ይደረግ

ከዚህ ተነሥቼ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት መቶ አልጋ ያለው የሴቶች ማገገሚያ ይገንባ የሚል ሐሳብ ቢመጣ እቃወማለሁ። የሚገነባው ሕንፃ ይመረቃል፣ ሪባኑ ይቆረጣል፣ ከዚያ ግማሹ ባዶውን ያድራል፤ የተቀረው ግማሽ ደግሞ ከተማው ውስጥ በሚሰበሰቡ ሴቶች ይሞላል፣ ከጌሼ የምትመጣ ግን አትኖርም። ከዚህ ይልቅ በየሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል ውስጥ አራት አምስት አልጋ ቢለይ ይሻላል፦ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በዓለም ከተማ ሠርቶ ባስረከበው እናት ሆስፒታል። ለሰባት፣ ቢበዛ ለአሥር ቀን። በካርዱ ላይ "ሱስ" ተብሎ መጻፉ በውስጥ የሚቀር ሆኖ፣ በውጭ "ለጨጓራና ለደም ማነስ ተኝታለች" ቢባል ማንም አይጎዳም። እውነትነቱም ብዙ አይርቅም፤ ጨጓራዋም ደሟም ተጎድቷልና። ሐቀኝነት ይጎድለዋል የሚል ሐኪም ቢኖር፣ ሴቲቱ በሕይወት ከወጣች በኋላ ይከራከረኛል።

ከዚያ ወደ ጠበሏ ትሂድ። አደገኛው ቀን አልፏል፤ ሰውነቷ ረግቷል፤ ቫይታሚኑን ወስዳለች። ከሆስፒታሉ የሥነ አእምሮ ነርስ በሳምንት አንድ ቀን ሰላ ድንጋይ ላይ ብትውል፣ አጥማቂዎቹም "ይህቺ ትጠጣ የነበረች ናት፣ መጀመሪያ ሐኪም አይቷት ይሆን?" ብለው መጠየቅ ቢለምዱ ሁለቱ ተቋማት ሳይጣሉ አንድ ሥራ ይሠራሉ። ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ከሀገረ ስብከቱ ጋር ቁጭ ብሎ መስማማት ነው። እርግጥ ነው፣ ሴቷ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ስትሆን መንገዱ ሌላ ነው፤ በኤፍራታና በአንጾኪያ ቆላ ያሉት ወገኖች ደግሞ ከአረቄ ይልቅ ጫት ያሳስባቸዋል፤ ያ ለብቻው የሚጻፍ ነው።

የልጆቹ ጉዳይ በዚህ አገር ከውጭው ይቀላል፤ እህትና አያት አሉ። የጡት ልጅ ያላት ግን ከነልጇ መግባት አለባት፤ የሴቶች ማረፊያዎቹ ለዓመታት ሲያደርጉት የኖሩ ስለሆነ አይቻልም የሚል መልስ አይሰማም።

ሕጉ ብዙ አይረዳንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ነው። የመንዝ አረቄ ግን ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም፤ ምልክቱ ደጃፍ ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነው።

ስትመለስ

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ስትመለስ ነው። አረቄዋን የምትተወው ሴት መጠጧን ብቻ አይደለም የምትተወው፤ ደሞዟን ነው። ጨው፣ ጋዝ፣ የልጅ ደብተር፣ የዕድር መዋጮ ከአረቄው ይወጣ ነበር። እያወጣች ሳትቀምስ ትኑር ማለት ደግሞ ቀልድ ነው።

ተተኪ ሥራ ሲባል በዚህ ደጋ መጀመሪያ የሚታሰበው በግ ነው። የመንዝ በግ ስሙ የተጠራ ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሐል ሜዳና በሞላሌ ገበሬዎቹ ራሳቸው አውራውን እየመረጡ ዝርያውን የሚያሻሽሉበት ሥራ ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ ከተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ተቋም ጋር ሲካሄድ ቆይቷል። ለሴት የማድለብ ብድር ከጸደይ ባንክ፣ ከድሮው አብቁተ፣ ማግኘት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር አይታሰብም። የመጀመሪያው፣ አረቄ በየሳምንቱ ገበያ ብር ያመጣል፤ በግ የሚያመጣው ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ነው። በመሐሉ ያሉትን ወራት በምን ትሻገር? ሁለተኛው ይበልጥ ይረሳል። በጎቿን የምታደልበው በአረቄው አተላ ነበር። ማሰሮዋ ከእሳቱ ሲወርድ አተላው አብሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ብድሩን የወሰደችበት በግ መኖውን በገንዘብ ይገዛላታል፣ ትርፉ ይሳሳል፣ በሁለተኛው ዓመት ድፍድፉ ይመለሳል።

መፍትሔው ከምርታማ ሴፍቲኔቱ ሊጀመር ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ይህ መርሐ ግብር በምግብ ዋስትና ችግር የሚታወቁትን የመንዝና የጌሼ ወረዳዎች ያቀፈ ነው፤ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ከልማት ሥራው ነፃ ሆና ለጊዜው ድጋፉን የምታገኝበት ደንብም አለው። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ሐኪሙ በጻፈላት ወረቀት በዚያው ደንብ እንድትታቀፍ ማድረግ አዲስ በጀት ሳይሆን አዲስ መስመር ብቻ ይፈልጋል። የብድሩ መክፈያ ደግሞ ከየወሩ ወጥቶ ከበዓሉ ገበያ ጋር ቢስተካከል፣ ለመኖ የሚሆን ገንዘብም ከዋናው ብድር ተለይቶ ቢታሰብ፣ ቀበሌው ውስጥ ቀድመው የተዉ ሁለት ሦስት ሴቶች አብረዋት አንድ የብድር ቡድን ውስጥ ቢገቡ፣ ከአልጋው የወጣችው ሴት ቢያንስ እስከ መጪው እንቁጣጣሽ ድረስ ማሰሮዋን የምትጥድበት ምክንያት አይኖራትም።